«ጾም ነው» ብዬ የሸጥኩት በርገር

ይድረስ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በናሽናልስ ቤዝቦል ቡድን ሜዳ፣ በናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም ዙሪያ በርገር ለምትሸጡ ሁሉ
ግልባጭ፦ እዚያ ኩሽና ውስጥ ለምትሠሩ ሐበሾች፣ ከጨዋታ በፊት ለሚርባችሁም

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተው አንዷ ነኝ። ከስታዲየሙ በር ብዙም በማይርቅ አንድ በርገር ቤት ችብስ እጠብሳለሁ። ሰው ሲጎድል ካሸር ላይ እቆማለሁ። የቤቱን ስም አልጽፍም። አንደኛ እንጀራዬ ነው። ሁለተኛ የማወራው ነገር የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ከሥራ በኋላ የምንገናኝ የሌላ ቤት ልጆችም ያንኑ ነው የሚነግሩኝ።

በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው። ባለቤቶቹ አማርኛ እንደማያነቡ አይጠፋኝም። ኩሽናው ግን ያነባል። የፓርኪንግ ልጆች ያነባሉ። ጨዋታው ሲያልቅ መንገድ ዳር ተደርድረው ሰው የሚጠብቁት ሾፌሮች ያነባሉ። የከተማው መስተዳድር እንኳ ከ2004 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የቋንቋ ሕግ አለው፤ ወረቀቱን በአማርኛም ያትማል። ከእናንተ አንዱ ለአለቃው ቢተረጉምልኝ ደብዳቤው ደረሰ ማለት ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል ጾም ያልሆነ በርገር «ጾም ነው» እያልኩ ለወገኖቼ ሸጫለሁ።

ሆን ብዬ አልነበረም። ሜኑአችን ላይ የአትክልት በርገር አለ። አጠገቡ ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል ተስላለች። እኔም ቅጠሏን አመንኩ። አርብ አርብ የፓርኪንግ ልጆች ሥራ ከመግባታቸው በፊት ብቅ ይላሉ። «እህቴ፣ አርብ ነው፤ የሚሆን ነገር አለ?» «የአትክልቱን ላድርግላችሁ?» «ጾም ነው አይደል?» «አዎ፣ ጾም ነው።» እንዲህ ነው የሸጥኩት። ከችብስ ጋር። ከዚያ ከሚጣፍጠው ሶስ ጋር።

የነቃሁት በእናቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ መጣች። ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ሆነ። አንድ አርብ ማታ ጨዋታ ነበር። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ሁለት ትኬት ሰጠችኝ። እማዬ ቤዝቦል የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅ። እኔም ከእሷ ብዙ አልሻልም። ግን የምሠራበትን ቦታ እንድታይልኝ ፈለግሁ። ቀኑን ጾማ፣ ቅዳሴ አስቀድሳ፣ ማታ ላይ ከዩ ስትሪት አረንጓዴውን የሜትሮ ባቡር መስመር ያዝን። ሰባተኛው ፌርማታ ላይ መውረድ ነው። ስሙም ራሱ ይናገራል፤ ኔቪ ያርድ ቦልፓርክ።

መጀመሪያ እኛ ቤት ገባን። የአትክልቱን በርገር በኩራት አዘዝኩላት። አንዴ ገመጠችና ቆም አለች።

«ይሄ ዳቦ ቅቤ ቅቤ ይላል።»

«አይ እማዬ፣ የፈረንጅ ዳቦ እንዲህ ነው።»

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ወተት ስትንጥ የኖረች ሴት ናት። እኔ ነኝ እንግዲህ ስለ ቅቤ የማስተምራት! ዝም ብላ በላች። ልጇ ጾም ነው ካለች ጾም ነው።

ጨዋታው ደስ አላት ብዬ አልዋሽም። «መቼ ነው የሚጀምሩት?» ብላ የጠየቀችኝ ሦስተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ዘጠኝ ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ኢኒንግ ይባላል) ላይ ነው። የወደደችው አራተኛው ኢኒንግ መሀል ላይ ያለውን ሩጫ ነው። ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ ፕሬዚዳንቶች ይሽቀዳደማሉ፤ ዋሽንግተን፣ ጀፈርሰን፣ ሊንከንና ቴዲ ሩዝቬልት። ሩጫው በ2006 ከተጀመረ አንስቶ እስከ ኦክቶበር 2012 ድረስ ቴዲ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም ነበር። ይህን ስነግራት ከልቧ አዘነችለት። እስከ መጨረሻው «ያ መነጽር ያደረገው ልጅ» እያለች ነው ያመሸችው።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። የእማዬ «ቅቤ ቅቤ ይላል» ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። የዳቦውን ከረጢት አነሳሁና አነበብኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀደው የኖርኩት ከረጢት ነው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ወተት ይላል። ከታች ደግሞ ለብቻው፣ በደማቁ፣ ስንዴ፣ ወተትና እንቁላል እንዳለው ተጽፏል። እዚህ አገር በ2004 በወጣ ሕግ የታሸገ ምግብ አለርጂ የሚያስነሱ ዋና ዋና ነገሮችን እንዲህ በግልጽ መጻፍ አለበት። ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ተጨምሯል። መልሱ እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር። እኔ ነኝ ቀድጄ ቆሻሻ ውስጥ ስጥለው የኖርኩት።

ዳቦው ብሪዮሽ ይባላል። ከፈረንሳይ የመጣ ነው። ቅቤና እንቁላል ካልገባበት ብሪዮሽ አይባልም። ያ ላዩ ላይ ያለው ማብረቅ ብዙ ጊዜ የተቀባ እንቁላል ነው። የድንች ዳቦ የሚሉት ለስላሳውም ብዙውን ጊዜ ወተት አለበት።

አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ሌላውንም አየሁ። ፓቲው፣ ዳቦው መሀል የሚገባው ጥፍጥፍ፣ ራሱ ችግር የለውም፤ የእኛው ቤት ከአተር የሚሠራው ዓይነት ነው። ሌላ ቤት ያለው ግን እንዳይፈርስ እንቁላል ሊገባበት ይችላል። ሶሱ በማዮኔዝ ነው የሚሠራው። ማዮኔዝ ማለት በእንቁላል አስኳል የተመታ ዘይት ነው። ችብሱንማ እኔው ነኝ የምጠብሰው። ከዶሮው ጋር አንድ ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው። የሽንኩርት ቀለበቱም እዚያው ነው፤ የሚነከርበት ሊጥ ወተት አለው። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ነው እንግዲህ «ጾም ነው» ስል የኖርኩት። ሰው አጠገቡ ያለውን ነገር እንዴት ሳያይ እንደሚኖር አሁንም ይገርመኛል።

ግሪሉ ደግሞ አለ። ስማሽ በርገር እንዴት እንደሚሠራ ለማታውቁ ልንገራችሁ። የተፈጨው ስጋ ኳስ ይደረግና የጋለ ብረት ላይ በኃይል ይጨፈለቃል። ስጋው ከመቶ 20 እጁ ስብ ነው። ስቡ ቀልጦ ይፈሳል። ጠርዙ እንደ ዳንቴል ሳስቶ፣ ቡናማ ሆኖ ይንኮሻኮሻል። ጣዕሙ ሁሉ እዚያች ጠርዝ ላይ ነው። በፍስክ ቀን እኔም ሁለት አስደርቤ ነው የምበላው፤ የሥራ ቤቴን በርገር አላማም። ስቡ ግን አጥር አያውቅም። ብረቱን ሁሉ ያዳርሰዋል። የአተሩ ፓቲም እዚያው ብረት ላይ፣ በዚያው መገልበጫ ነው የሚገለበጠው።

ከጎኑ ደግሞ ቤከን ይንጫጫል። ቤከን ማለት የአሳማ ስጋ ነው። እዚህ ላይ የጾሙን ነገር ተዉትና የሐበሻውን ሁሉ ጉዳይ ተመልከቱ። ኦርቶዶክሱ አሳማ አይበላም። ሙስሊሙ አይበላም። ግሪል ላይ የምትሠራ የሐረር ልጅ አለች፤ ጓንት ደርባ ነው ቤከን የምትነካው። የራሷን ምሳ ከቤት ይዛ ትመጣለች። «እኔ እንኳ የማልበላውን ነው የምጠብሰው» ብላ ትስቃለች። በብዙ ነገር የማንስማማ ሰዎች በአሳማ ነገር አንድ ነን። ሆኖም ተራ በርገር ያዘዘ ሐበሻ፣ ቤከን ባይጨመርበትም፣ የቤከን ስብ የነካው ስጋ እንደሚበላ ማንም አይነግረውም።

ለእማዬ የነገርኳት ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው። ጾሙን እንዳላበላሽባት ፈርቼ ነው። «ታዲያ ነግሬሽ አልነበር?» አለችኝ፤ ሌላ ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ ግን «እነዚያ መኪና የሚያቆሙት ልጆችስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳቸው። አንዱ ሳቀ። «እኔማ ጣዕሙ በዛብኝ ብዬ ነበር» አለ። ሌላው ምንም አላለኝም። አሁን አርብ አርብ ሙዝ ይዞ ነው የሚመጣው። የሳቀው ሳይሆን ዝም ያለው ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

ይህ ሁሉ የሐበሻ ቅብጠት ነው የሚል አይጠፋም። ማክዶናልድስ እስከ 1990 ድረስ ችብሱን በበሬ ሞራ ይጠብስ ነበር። በዚያ ዓመት ወደ አትክልት ዘይት ዞርኩ አለ። ስጋ የማይበላውም ሰው ተመስገን ብሎ በላ። ኋላ ላይ ለጣዕም ተብሎ ከበሬ የወጣ ነገር ድንቹ ላይ እንደሚጨመር ታወቀ። ሂንዱዎችና ሌሎች ስጋ የማይበሉ ሰዎች በ2001 ከሰሱ። በ2002 ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሰዎቹን ያስቆጣው ሞራው ብቻ አልነበረም። የለበትም ተብለው መብላታቸው ነው። አሁን ደግሞ የበሬ ሞራ እንደገና ፋሽን ሆኗል። ሜኑ ላይ በኩራት የሚጽፉ ቤቶች አሉ። እኔ እነሱን አመሰግናቸዋለሁ። ቢያንስ ጽፈውታል።

እኔ ማንንም ልከስ አይደለም። የምለምናችሁ መጀመሪያ እውነቱን ነው። የዳቦው ከረጢት፣ የፓቲው ካርቶንና የሶሱ ጣሳ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ካሸሩ አጠገብ ለጥፉት። ችብሱ ከዶሮ ጋር የሚጠበስ ከሆነ እሱንም ጻፉ። ግሪሉ ላይ ቤከን ካለ ጻፉ። አንድ ወረቀትና ትንሽ ፕላስተር ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ በላይ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ብዙ አይከብድም። ወተትም እንቁላልም የሌለበት ተራ የበርገር ዳቦ ሞልቷል። አንድ ካርቶን ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ። ለሶሱ አትጨነቁ። ኬቻፕና ሰናፍጭ ይበቃናል፤ ሰናፍጭ እንደሆነ ከቤታችን የምናውቀው ነው። ፍራየሩ፣ ችብስ የምንጠብስበት የዘይት መጥበሻ፣ ሁለት ገንዳ ካለው አንዱን ለድንች ብቻ አድርጉት። ይህን ብታደርጉ እኔ ራሴ ነኝ የምጠቀመው። ዶሮ ያልገባበት ዘይት ቶሎ አይጠቁርም። ማታ ማጣራቱም ይቀልለኛል።

«በጨዋታ ቀን ጊዜ የለም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥድፊያውን ለእኔ አትንገሩኝ። ስታዲየሙ ወደ 41 ሺህ ሰው ይይዛል። በሀበሻ ሰዓት 12:45 ለሚጀምር ጨዋታ ከ10:30 ጀምሮ በሩ ላይ ሰልፍ አለ። በፊት ከጨዋታ በኋላ ያለው ገበያ ቀስ እያለ ነበር የሚመጣው ይላሉ የቆዩት ልጆች። በ2023 ኳስ ወርዋሪው በተቆጠረለት ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር ሰዓት ከተደረገበት ወዲህ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄድ የነበረው ጨዋታ በአማካይ ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወርዷል። ሳያልቅ የሚሄደው ጥቂት፣ እስከ መጨረሻው የሚቀረው ብዙ ነው፤ አንዴ ግልብጥ ብሎ ይወጣል። በ2019 ናሽናልስ ዋንጫ የበሉ ጊዜ የነበረውንማ እንደ ጦርነት ነው የሚያወሩት። የሚገርመው ያኔ የፍጻሜውን ሦስት ጨዋታ እዚህ ሜዳቸው ላይ ሦስቱንም ተሸንፈው፣ ሂዩስተን ሄደው አራቱንም ነው ያሸነፉት። እዚህ ግን ሰው እየተናደደም በላ ይላሉ።

ሆኖም አንድ ሰው «የግሉተን አለርጂ አለብኝ» ሲል ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ጓንት እንቀይራለን። ንጹህ መጥበሻ እናወጣለን። ዳቦውን ለብቻው እናሞቃለን። በጥድፊያውም መሀል እናደርገዋለን። የሚያስተምረን ሰው አያስፈልግም ማለት ነው። እርግጥ ጾም አለርጂ አይደለም። እማዬ በብሪዮሽ አልታመመችም፤ አምቡላንስም አልተጠራም። ለዚህ ነው ሁሉንም አድርጉ ያላልኩት። ካልቻላችሁ «ጾም የሚሆን ነገር የለንም» በሉ። ሙዛችንን ይዘን እንመጣለን።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ስነግራት «ሽሮሽን በልተሽ አትሄጂም?» አለችኝ። ሽሮ ቤቴ አለ። የእህቴ ልጅ ግን አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። እዚህ ነው የተወለደው። ቤዝቦል ይጫወታል፤ ረቡዕና አርብ ደግሞ ይጾማል፤ ማንም ሳያስገድደው። ቡድናቸው ተሰብስቦ ጨዋታ ሊያይ ሲመጣ ሁሉም በርገር ይዞ እሱ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል። ስታዲየም ውስጥ ካለው ነገር በእርግጠኝነት ጾም ነው ያለው ኦቾሎኒውን ነው፤ ከነልጣጩ ስለሆነ። አዲስ አበባ ሁዳዴ ሲገባ ጾም በርገር፣ ጾም ፒዛ፣ ጾም ኬክ ይለጠፋል። ማኪያቶው ሳይቀር ጾም አለው። የቤዝቦልና የበርገር አገር ላይ አንድ ልጅ አንድ ሳንድዊች ማጣት አልነበረበትም።

ገበያውንም አስቡት። ቡድኑ በዓመት 162 ጨዋታ አለው፤ 81ዱ እዚህ ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ይሄዳል። የሁዳዴን ጭራ ያገኛል። የሐዋርያትን ጾም ያገኛል። ፍልሰታን ሙሉውን ያገኛል። አርብ ማታ ትልቁ የገበያ ቀናችሁ ነው፤ ለእኛ ጾም ነው። ረቡዕም ቡድኖቹ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚጓዙ ብዙ ጊዜ ቀን ላይ ይጫወታሉ፤ እሱም ጾም ነው። በበዓለ ሃምሳ ግን ረቡዕም አርብም የለም። በ2026 ፋሲካ አፕሪል 12 ነው፤ ከዚያ እስከ ሜይ መጨረሻ ድረስ ስማሹን ደርባችሁ አምጡልን፤ ቤከኑን ብቻ አርቁልን።

አሁን ወደ ግልባጩ ልምጣ።

ካሸር ላይ የምትቆሙ ወገኖቼ፣ ከረጢቱን ሳታነቡ «አዎ ጾም ነው» አትበሉ። ለማስደሰት ነው የምንለው፣ አውቃለሁ። የሰፈር ልጅ በአማርኛ ሲጠይቀን ልባችን ቶሎ ይከፈታል። ግን ያ ልጅ አረንጓዴዋን ቅጠል አይደለም ያመነው። እኛን ነው ያመነው።

የምትበሉትም «ጾም ነው?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ፈረንጁ ጾም ሲባል ቬጂቴሪያን ይመስለዋል። ቬጂቴሪያን ወተትና እንቁላል ይበላል። ለእኛ የሚቀርበው ቬጋን የሚሉት ነው። ስለ ዳቦው ለብቻ ጠይቁ። ስለ ችብሱ ዘይት ለብቻ ጠይቁ። ስለ ዓሣው ክርክር እኔን አትጠይቁኝ፤ እሱን ለአባቶች ትቻለሁ።

እኔ የዳቦውን ከረጢት ጎን ቀድጄ ካሸሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሥሩ በአማርኛ «ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አለው» ብዬ ጽፌበታለሁ። ማናጀሩ አየውና «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። ተረጎምኩለት። ትንሽ አሰበና እንዳለ ተወው። እንፋሎቱ በየሳምንቱ ያላቅቀዋል፤ እኔም በየሳምንቱ መልሼ እለጥፈዋለሁ። ስለ ፍራየሩ ግን ገና አልመለሰልኝም።

እማዬ ዘንድሮም ለፍልሰታ ትመጣለች። ቴዲ ማሸነፉን ማየት አለብኝ ብላለች። ዳቦውን እኔው ራሴ ጋግሬ ይዤ እመጣለሁ ብላኛለች። ፍራየር ግን ይዛ መምጣት አትችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከፍራየሩ አጠገብ የምትቆመው